የኮሶ ቀን፦ ከእንጦጦ ተነሥተን ስለ አንጀት ብግነት እናውጋ

ዛሬ እንደወትሮው "ይህን ብሉ፣ ያንን ተዉ" አልላችሁም፤ ትንሽ ታሪክ ላጫውታችሁ። መነሻችን እንጦጦ ነው። ጉዳያችን ደግሞ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር "ዶክተር፣ በሰው ፊት የሚነገር አይደለም" እያላችሁ የምትጽፉልኝ የሆድ ነገር ነው።

እንጦጦ ስትወጡ ዓይናችሁን የሚሞላው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ለተራራው እንግዳ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት ሲበረታ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ስሙም ያንኑ ይናገራል። የደጋው የድሮ ዛፎች ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ናቸው። ኮሶን የዛሬ ልጆች በስሙ እንጂ በጣዕሙ አያውቁትም፤ አንድ ነገር ሲመርረን "ኮሶ ነው" ማለቱን ግን አልተውንም።

አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ይወዱ ነበር (እኛስ ምን ተሻልን?)። ጥሬ ሥጋ ደግሞ የኮሶ ትል ያመጣል። ስለዚህ በየሁለት ወሩ ገደማ የዛፉን አበባ አድርቀው፣ ወቅጠውና በጥብጠው ይጠጡት ነበር። ልማዱ ከቤተ መንግሥት እስከ ጎጆ ድረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ስለ ዛፉ ጽፏል። በ1822 ደግሞ ብራዬር የተባለ ቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረ ፈረንሳዊ ሐኪም ስለ ኮሶ ፓሪስ ላይ ጽሑፍ አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ የእኛ ኮሶ በአውሮፓ ፋርማሲዎች መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

እኔን የሚገርመኝ ግን መድኃኒቱ ሳይሆን ቀኑ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከቤት አይወጣም፤ እንግዳም አይቀበልም። "ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል" ከተባለ ደጅ የመጣ ሰው ምንም ሳይጠይቅ ይመለሳል። ሎሌና ገረድ እንኳ የኮሶ ቀን ይሰጣቸው እንደነበር አገራችንን ያዩ ተጓዦች መዝግበዋል። ቀኑን ሙሉ ሆዱ የሚሮጥበትን ሰው ማንም "ምን ሆነህ ነው?" አይለውም፤ ማንም አይስቅበትም። ነገሩ ለሁሉም የሚደርስ ነውና ለአንጀት ሥርዓት ተበጅቶለት ነበር።

(እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ኮሶ ዛሬ አይጠጣ። መጠኑ ሲበዛ መርዝ ነው፤ ሰዎች የዓይናቸውን ብርሃን እንዳጡበት ሐኪሞች ዘግበዋል። የኮሶ ትል ዛሬ በሐኪም ትእዛዝ በሚወሰድ ኪኒን ይድናል።)

አሁን ከተራራው ወደ ሽሮ ሜዳ እንውረድ። እስቲ አንድ ወጣት ሸማኔ አስቡልኝ። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፣ ድሩን ወጥሮ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ይውላል፤ መዋል ቢችል ማለቴ ነው። በቀን ስምንት ጊዜ ሥራውን ጥሎ ይነሣል። መጸዳጃ ቤቱ ለስድስት አባወራ የጋራ ነው፤ ቁልፉም ጎረቤት ጋ ነው ያለው። ሌሊትም ሁለት ጊዜ ይነሣል። አንዳንዴ ደም ያያል። የጀመረውን ጥበብ በቀጠሮው አያደርስም፤ ደንበኛ ይቀየመዋል። ለቅሶ ቤት መቀመጥ፣ ሰርግ መሄድ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ስድስት ኪሎ ድረስ መውረድ ሁሉ ስሌት ሆኖበታል። የሚያውቁት ሲጠይቁት "ሆዴን ትንሽ አሞኝ ነው" ይላል። ያ "ትንሽ" ሁለት ዓመት ሆኖታል።

እንዲህ ያለ ሰው አገራችን ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ "አሜባ ነው" ይባላል፤ ሜትሮኒዳዞል ይወስዳል። ትንሽ ይሻለውና ይመለሳል። እንደገና አሜባ፤ ቀጥሎ ጃርዲያ፤ ቀጥሎ ታይፎይድ። ደሙን ሲናገር "ኪንታሮት ነው" ይሉታል። አሜባም ኪንታሮትም አገራችን ውስጥ ሞልተዋል፤ ጥርጣሬው ራሱ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ ኪኒን ይዞ ወደ ቤት መሄድ ነው።

ይህ ወጣት ሊኖርበት የሚችለው በሽታ የአንጀት ብግነት ይባላል። ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት፦ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ እና ክሮንስ። የመጀመሪያው ትልቁን አንጀት ብቻ ያቆስላል፤ ሁለተኛው ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል። በሁለቱም የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጀት እንደ ጠላት ያጠቃል። አይተላለፍም። በጭንቀት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በርበሬም አያመጣውም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሰው ገና ትዳርና ሥራ በሚይዝበት ዕድሜ ነው፤ ከዚያም እየጋለ እየበረደ አብሮ ይኖራል።

ዓለምም ቢሆን ይህን በሽታ ለይቶ ያወቀው ዘግይቶ ነው። ለዘመናት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሁሉ በአንድ ስም እየተጠራ በአንድ ከረጢት ሲጠቀለል ኖሯል፤ ዛሬ እኛ "አሜባ" እንደምንለው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ሳሙኤል ዊልክስ የተባለ የሎንዶን ሐኪም የአንዲት የሞተች ሴት አንጀት ከተለመደው የተቅማጥ በሽታ የተለየ መሆኑን ጻፈ። በ1913 ዳልዚየል የተባለ የግላስጎው ቀዶ ሐኪም የሌላኛውን ዓይነት ሕሙማን ገለጸ። በ1932 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ክሮን፣ ጊንዝበርግና ኦፐንሃይመር የ14 ሰዎችን ታሪክ አቀረቡ። የስማቸው ቅደም ተከተል በፊደል ስለነበር በሽታው በክሮን ስም ተጠራ፤ የሦስቱም ድካም ለአንዱ ሆነ።

የእነዚያ ሐኪሞች ትልቁ ራስ ምታት አንድ ነበር፦ ይህ የአንጀት ነቀርሳ ነው ወይስ ሌላ? ያ ጥያቄ ለእኛ ታሪክ ሆኖ አላለፈም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልን ታውቁታላችሁ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለነቀርሳ ሕሙማን ተብሎ ንጹሕ አየር ካለበት ከተራራው ሥር የተሠራ ነው፤ ዛሬ ሌላም ብዙ ሕክምና ይሰጣል፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን እስካሁን "ጴጥሮስ" ሲባል ትዝ የሚለው ቲቢ ነው። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይይዝም፤ አንጀትንም ይይዛል። ትንሹ አንጀት ከትልቁ በሚገናኝበት ቦታ ሲቀመጥ ከክሮንስ ጋር መንታ ይመስላል፦ ሆድ ቁርጠት፣ ክሳት፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ። በኮሎኖስኮፒ ታይቶ፣ ናሙና ተወስዶም እንኳ አንዳንዴ ሐኪሙን ያወዛግበዋል።

መወዛገቡ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ክሮንስ ነው ተብሎ ፕሬድኒሶሎን የተሰጠው የቲቢ ሕመምተኛ ሊሞት ይችላል፤ መድኃኒቱ የመከላከያ ኃይሉን ያዳክምበታልና። በተቃራኒው ክሮንስ ያለበት ሰው የቲቢ መድኃኒት ለወራት ሲውጥ አንጀቱ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ሐኪማችሁ "መጀመሪያ ቲቢ አለመሆኑን ላረጋግጥ" ቢል ቀጠሮ እያራዘመባችሁ እንዳይመስላችሁ። ኮሎኖስኮፒ ከታዘዘላችሁም አትሽሹ፤ በጉለሌው ቅዱስ ጳውሎስና በጥቁር አንበሳ የአንጀት ስፔሻሊስቶች አሉ።

"ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ አበሻን አይዝም" የሚል አባባል በሐኪሞችም ዘንድ ለረጅም ጊዜ ነበር። ይህን ካናወጡት ነገሮች አንዱ የራሳችን ሰዎች ታሪክ ነው። ቤተ እስራኤላውያን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። የእስራኤል ሐኪሞች እንደተመለከቱት ሲገቡ ይህ በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ብቅ ማለት ጀመረ። ደማቸው አልተለወጠም፤ አኗኗራቸው፣ ምግባቸውና አካባቢያቸው ነው የተለወጠው። አዲስ አበባም በራሷ መንገድ እየተለወጠች ነው።

ወደ ሕክምናው ታሪክ ስንመጣ መጀመሪያ ጥያቄው መኖርና አለመኖር ነበር። በ1940 አካባቢ ናና ስቫርትስ የተባለች የስዊድን ሐኪም ለመገጣጠሚያ ሕመም ብላ ያሠራችው ሰልፋሳላዚን አንጀትን እንደሚያድን አየች፤ ያ ኪኒን ዛሬም እኛ አገር በብዛት ከምናዝዛቸው አንዱ ነው። በ1955 ኦክስፎርድ ላይ ትሩላቭና ዊትስ የኮርቲዞንን ሙከራ አሳተሙ፤ 210 ሕሙማን ነበሩበት። መድኃኒቱን ካገኙት በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ100ው 41 ያህሉ ሲድኑ፣ ባዶ ኪኒን ካገኙት 16 ያህሉ ብቻ ናቸው የዳኑት። ከእነሱ የወረስነው ሌላም ነገር አለ፦ ደም የቀላቀለ ሰገራ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሆኖ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ደም ማነስ ከታከለበት ይህ የቤት በሽታ አይደለም። ሆስፒታል ግቡ፤ ነገ አይባልም።

መድኃኒት ያላዳነው ደግሞ በቀዶ ሕክምና ትልቁ አንጀቱ ወጥቶ በሆዱ ላይ መውጫ ይበጅለት ጀመር። እነዚህ ሰዎች ዳኑ፤ ግን ቦርሳ አንግቦ መኖርን ማንም አላስተማራቸውም። ኒውዮርክ በሚገኘው የማውንት ሲናይ ሆስፒታል ውስጥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሕሙማኑ ራሳቸው ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙንም በተኙባቸው ክፍሎች ፊደላት "ኪው ቲ" አሉት። ሐኪሙ ያላወቀውን፣ ቦርሳው እንዴት እንደማይሸት፣ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚሸፍነው፣ ለባል ወይም ለሚስት እንዴት እንደሚነገር እርስ በርስ ተማማሩ። እኔ ይህን ማኅበር ከብዙ መድኃኒቶች አላሳንሰውም። እድርን ለፈጠረ ሕዝብ ሐሳቡ አዲስ አይደለም።

ሐኪሞቹ ግን ገና የሚጠይቁት "በቀን ስንት ጊዜ ወጣህ?" ብለው ነበር። በ1989 ካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጋያትና ባልደረቦቹ 32 ጥያቄዎች አዘጋጁ። ስለ ሰገራ ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን ስለ ድካም፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ንዴትና ፍርሃት፣ በሆድ ምክንያት ስለቀረ ግብዣ፣ መጸዳጃ ቤት እንዳይጠፋ ስለ መሥጋትም ይጠይቃሉ። ከዚያ ወዲህ የአንድ መድኃኒት ጥቅም ሲለካ ሰውየው እንዴት እየኖረ እንደሆነ አብሮ መለካት ተለመደ። ለእኛ አገር ሰው ቢዘጋጅ ሌላም እንጨምር ነበር፦ "ጉርሻ እምቢ ስትል ምን ተባልክ? ቅዳሴ ላይ ስንት ሰዓት መቆም ቻልክ? የጋራ መጸዳጃ ቤቱ ሌሊት ይዘጋል?"

በ1998 ኢንፍሊክሲማብ የሚባለው መርፌ አሜሪካ ውስጥ ለክሮንስ ተፈቀደ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በሽታውን ለብዙዎች ጸጥ አድርጎታል፤ ዋጋው ግን ለእኛ ሰማይ ነው። የተደበቀ ቲቢንም ስለሚቀሰቅስ ከመጀመሩ በፊት ምርመራ የግድ ነው። ደስ የሚለው፣ አብዛኛው ሰው ያለ እሱ በርካሾቹ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ደኅና ሆኖ መኖር መቻሉ ነው፤ ካላቋረጠ።

ደኅና ሆኖ መኖር ስል ቃል ብቻ አይደለም። የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ነበረባቸው። በ2007 ሥልጣን ለቀቁ፤ ሕመሙንም እንደ ምክንያት ተናገሩ። አዲስ መድኃኒት አገኙና በ2012 ተመለሱ፤ በ2020 ሲያገረሽባቸው እስኪለቁ ድረስ ከማንም የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር በላይ ረጅም ጊዜ መሩ። አንድ የአገር መሪ በካሜራ ፊት ቆሞ "አንጀቴ ነው" ሲል አገሩ ሰምቶ ተቀበለው። የኮሶ ቀን ትዝ አይላችሁም?

አሁን ወደ እንጦጦ ልመልሳችሁ፤ ስለ ጠበሉ ሳላወራ ባልፍ ዋናውን እንደሸሸሁ ይቆጠራል። እንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑባት ደብር ናት። በእኛ ዘመን ግን ብዙ ሰው የሚያውቃት በጠበሏ ነው። ኤች አይ ቪ መድኃኒት ባልነበረው ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን በአካባቢው ቤት እየተከራዩ ከንጋት ጀምሮ ይጠመቁ ነበር። ሰፈሩ በምክንያት ያገለላቸው፣ እዚያ ግን የሚመስላቸውን ሰው ያገኙ ናቸው።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠት ሲጀምር አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። መድኃኒት መዋጥ እምነትን መጉደል የመሰላቸው ብዙዎች ኪኒናቸውን ተዉ፤ በዚያም የሞቱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ጠበል እየተጠመቁ ኪኒናቸውን በሰዓቱ የሚውጡ ሰዎች እንጦጦ ላይ እንግዳ መሆናቸው ቀረ።

ይህን ያነሣሁት የአንጀት ብግነትም ያንኑ መንገድ ስለሚሄድ ነው። በሽታው በራሱ ጊዜ የሚበርድበት ወቅት አለው። ሰው ጠበል ሄዶ፣ ወይም ዕፅ ጠጥቶ፣ ወይም ደግሞ የእኔን ኪኒን ውጦ ሳለ ሊበርድለት ይችላል፤ በዚያው "ድኛለሁ" ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል። ከወራት በኋላ ብሶ ይመለሳል። ጠበል ሂዱ፤ የምከለክላችሁ እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ሰልፋሳላዚናችሁን ወይም አዛታዮፕሪናችሁን በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ፕሬድኒሶሎን በድንገት ማቋረጥ ደግሞ በራሱ አደገኛ ነው፤ ሐኪም እየቀነሰ ነው የሚያስቆመው። ሕመሙ በጋለበት ሰሞን ባዶ ሆድ ብዙ ውኃ እየጠጡ ማስመለስና በንጋት ብርድ መጠመቅ ሰውነታችሁን ያደርቀዋል፤ ለአባቶች ንገሯቸው፣ ያቀሉላችኋል። ጾምም እንዲሁ ነው፤ በክርስትናውም በእስልምናውም ለሕመምተኛ መፈታት አለ። የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ፤ በዝምታ አትክሱ።

ልጅ ስለ መውለድ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። በሽታው ከበረደ አብዛኞቹ ሴቶች በሰላም ይወልዳሉ፤ ከማርገዛችሁ በፊት ግን ሐኪማችሁን አማክሩ። ወንዶች፣ ሰልፋሳላዚን የዘር ፍሬን ቁጥር ለጊዜው ይቀንሳል፤ ሲቀየር ይመለሳል። ሚስቶቻችሁ አይወቀሱበት።

ምግብን በተመለከተ ለሁሉም የሚሆን የክልከላ ዝርዝር የለም። ሕመሙ በጋለ ጊዜ ቆሎ፣ ጥሬ ጎመንና ቃሪያ ሊያስቸግሩ ይችላሉ፤ ሲበርድ ብዙው ይመለሳል። በፍርሃት ከሽሮና ከእንጀራ በቀር ሁሉን ትተው ደም ያነሳቸውን ሰዎች ብዙ አይተናል።

ለሽሮ ሜዳው ሸማኔና እንደ እሱ ላላችሁ ግን ዋናው ነገር ቀን ማግኘት ነው። ለአሠሪያችሁ፣ ለመምህራችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ ዝርዝሩን መናገር አይጠበቅባችሁም። "የቆየ የአንጀት ሕመም አለብኝ፣ አይተላለፍም፣ ድንገት መነሣት ይኖርብኛል" በቂ ነው። ከሐኪማችሁ ይህንኑ የሚገልጽ ወረቀት ጠይቁ፤ ይጻፍላችኋል። የጋራ መጸዳጃ ቤት ካላችሁ የቁልፉን ቅጂ አስቀርጹ። ቀጠሮ ስትሄዱም ሦስት ነገር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፦ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሡ፣ በዚህ ወር በሆዳችሁ ምክንያት የት የት እንደቀራችሁ፣ እና ከታዘዘላችሁ መድኃኒት የትኛውን እንደተዋችሁት። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም አንብቡለት።